በደግ ጌታ ሥር መኖር ነፃነት ነውን? የገርማሜ ንዋይ ሕይወት ከሪፐብሊካዊ ፍልስፍና አንጻር

ገርማሜ ንዋይ በአብዛኛው የሚታወሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ነው። ስለ እርሱ የሚጻፉ ጽሑፎችም ወይ ሙከራው ለምን እንደከሸፈ ይመረምራሉ፤ ወይም ሰውየው የለውጥ ፋና ወጊ ነበር ወይስ ጥድፈኛ በሚል ክርክር ላይ ያተኩራሉ። ይህ አጭር ጥናት ሁለቱንም ለጊዜው ትቶ የሕይወቱን ታሪክ በአንድ የፖለቲካ ፍልስፍና ጥያቄ በኩል ለማንበብ ይሞክራል። ሰው ነፃ ነው የሚባለው ማንም ሳይነካው ሲቀር ነው ወይስ ማንም እንዳሻው ሊነካው የማይችል ሲሆን? የገርማሜ ሹመት በወላይታና በጅጅጋ እንጂ በአርሲ አልነበረም። ሆኖም በወላይታ ያጋጠመው የመሬት ጥያቄ እርሱ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው የቺላሎ ደጋ ላይ ይበልጥ ገሃድ በሆነ መልክ ስለተነሣ፣ የጽሑፉ የመጨረሻ ክፍል ወደዚያ ይሻገራል።

ነፃነትና ደጅ ጥናት

ሪፐብሊክ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ በተለምዶ ንጉሥ የሌለበትን መንግሥት ያመለክታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው የሕዝብ ጉዳይ ማለት ነው። ከሮማዊው ሲሴሮ ተነሥቶ በማኪያቬሊ በኩል ያለፈው፣ በዘመናችንም በኩዌንቲን ስኪነርና በፊሊፕ ፔቲት ሥራዎች የታደሰው የሪፐብሊካዊነት ፍልስፍና ግን ከዙፋን መኖር አለመኖር የጠለቀ ነገር ይጠይቃል። መነሻው የሮማ ሕግ በነፃ ሰውና በባሪያ መካከል ያሰመረው ወሰን ነው። በዚያ ሕግ ባሪያ ማለት የሚገረፍ ሰው ማለት ሳይሆን በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያለ ሰው ማለት ነው። ጌታው ደግ ሆኖ አንድም ቀን ባይቆጣው፣ እንደ ልቡ እንዲወጣና እንዲገባ ቢተወው እንኳ ባርነቱ አይቀርለትም። ጌታው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚያግደው የለምና። ባሪያውም ይህን ስለሚያውቅ የጌታውን ፊት እያየ ይናገራል፤ የጌታውን ስሜት እየገመተ ዝም ይላል።

ይህ አስተሳሰብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከበረታው ከሌላው የነፃነት ትርጓሜ ጋር ይጋጫል። አይዛያ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1958 በኦክስፎርድ ባሰማው ታዋቂ ንግግር የተከላከለለት ነፃነት ጣልቃ ገብነት አለመኖር ነው፤ በሰውየውና በሚሻው ነገር መካከል ሌላ ሰው መሰናክል ካላቆመ ሰውየው በዚያ መጠን ነፃ ነው። ፔቲት እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ሪፐብሊካኒዝም በተሰኘው መጽሐፉ የመለሰው መልስ፣ በዚህ መለኪያ የደግ ጌታ ባሪያ ነፃ ሆኖ ይገኛል የሚል ነው። ለእርሱ የነፃነት ተቃራኒ ጣልቃ ገብነት ሳይሆን የሌላው ያልተገደበ ፈቃድ ነው። ስለዚህም ሕዝቡ የሚቆጣጠረው ሕግ ሰውን ቢገድብም ባሪያ አያደርገውም፤ በአንጻሩ ማንም የማይቆጣጠረው ቸርነት ሰውን ባይጎዳም ነፃ አያወጣውም።

አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ የሚቸገር ቋንቋ አይደለም። አርነት የሚለው ቃላችን ከግእዙ ሐራ ጋር የተዛመደ ሲሆን አርነት ወጣ የሚባለው ከባርነት የተላቀቀ ሰው ነው እንጂ ጌታው የማይመታው ሰው አይደለም። ከዚህም በላይ አንድ ሙሉ የፖለቲካ ሥርዓት በሁለት ቃላት የሚጠቀለልበት አነጋገር አለን፤ ደጅ ጥናት። ሹመት የፈለገ፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የተጓደለበት ሁሉ ከመኳንንት ደጅ ቆሞ፣ እጅ እየነሣ፣ ወራትና ዓመታት ይጠብቃል። ደጅ ጠኚውን ማንም አላሰረውም፤ ሲፈልግ ወደ አገሩ መሄድ ይችላል። በበርሊን መለኪያ ነፃ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የሚፈጸመው መብቱ ስለሆነ ሳይሆን ጌታው ደስ ስላለው ነው፤ ደስ ያለው ጌታም ምክንያት እንዲያቀርብ የሚጠይቀው የለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊው ቢሮክራሲ ገብቶ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ በየዕለቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመታየት ይሽቀዳደሙ ነበር። በእኔ ግምት ስለ ሪፐብሊካዊ ነፃነት በኢትዮጵያ የሚጻፍ ጥናት ከሮማ ባሪያ ይልቅ ከደጅ ጠኚው ቢጀምር ይበልጥ ያስኬደዋል።

ከኮተቤ እስከ ኮሎምቢያ

ገርማሜ ንዋይ እ.ኤ.አ. በ1924 የተወለደው ሞጃ ተብሎ ከሚታወቀው የሸዋ መኳንንት ወገን ነው። ታላቅ ወንድሙ መንግሥቱ ንዋይ የውትድርናውን መንገድ መርጦ በመጨረሻ በብርጋዴር ጄኔራል ማዕረግ የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነ። ገርማሜ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ከነፃነት በኋላ በኮተቤ በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። ኮተቤ የአዲሱ መንግሥት ተስፋ የተጣለበት ትምህርት ቤት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን እየጎበኙ፣ ፍራፍሬና ልብስ እየሰጡ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱትን በግል እያሰናበቱ ያሳደጉት ትውልድ ነው። የዚህን ትውልድ የኋላ ቁጣ ለመረዳት ይህን ቸርነት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የተማሩት በመብት ሳይሆን በስጦታ ነበር፤ ስጦታው ደግሞ የዕድሜ ልክ ውለታ ያስከትላል።

ገርማሜ ወደ አሜሪካ ተልኮ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ ርዕስ በኬንያ የነጮች ሰፈራ ፖሊሲ ያስከተለውን ውጤት የሚመለከት ነበር። የርዕሱ ምርጫ ብዙ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ኬንያ የማው ማው ዐመፅ በፈጠረው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ውስጥ ነበረች። ለም የሆነው ደጋ በሕግ ለነጭ ሰፋሪዎች ተከልሎ፣ የአገሩ ሰው በገዛ አያቶቹ መሬት ላይ በሰፋሪው ፈቃድ የሚኖር ጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ከሰፋሪዎቹ አንዳንዱ ጨካኝ፣ አንዳንዱም ለሠራተኞቹ ክሊኒክና ትምህርት ቤት የሚከፍት ደግ ነበረ። የሥርዓቱ ጠባይ ግን በግለሰቡ ደግነት አይለወጥም፤ ደጉም ሰፋሪ ሲሻው ማባረር ይችል ነበር።

ገርማሜ ይህን ያጠና በነበረበት ወቅት በደቡብ ኢትዮጵያ የነበረው የመሬት ይዞታ በአወቃቀሩ ከኬንያው የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር ነበረው። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመስፋፋት ዘመቻዎች በኋላ መሬቱ ለዘማቾች፣ ለሹማምንትና ለቤተ ክህነት ተደልድሎ፣ ነዋሪው ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። ልዩነቱ በኬንያ የቆዳ ቀለም የሚያሳየውን መስመር በኢትዮጵያ ማዕረግ፣ ቋንቋና የትውልድ አገር ይሠሩት መሆኑ ነው። ገርማሜ ይህን ንጽጽር በልቡ ይዞ ተመለሰ ብሎ መገመት ከኋላ ሥራው አንጻር ሲታይ ድፍረት አይሆንም።

ሶዶ

ከተመለሰ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ተመደበ። በዚያው ሰሞን ከቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር እየተሰበሰበ ስለ አገሪቱ ሁኔታ ይወያይ ነበር፤ ስብሰባዎቹም ከቤተ መንግሥት ጆሮ አልተሰወሩም። ወቅቱ ለተስፋም ለብስጭትም የሚመች ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ የሕዝብ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በምርጫ እንዲገቡ ፈቀደ፤ እ.ኤ.አ. በ1957ም የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ይሁን እንጂ ያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውንም የማይደፈር ብሎ ሚኒስትሮችን የመሾምና የመሻር መብት ለእርሳቸው ብቻ አስቀረ። ሕዝቡ ተወካይ እንዲልክ ተፈቀደለት፤ የሚቆጣጠረው መንግሥት ግን አልተሰጠውም። በሪፐብሊካዊው መለኪያ ይህ የደግ ጌታ ሕገ መንግሥት ነው።

ገርማሜ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሶዶ ገባ። ወላይታ ያኔም በሕዝብ ብዛት የተጨናነቀ አገር ነበር። ገበሬው በጠባብ ማሳ ላይ እንሰትና በቆሎ እየዘራ ከምርቱ ለባለመሬቱ ሲያካፍል፣ በአጠገቡ ሰፋፊ መሬት ሳይታረስ ይታይ ነበር። አዲሱ ገዥ መንገድና ድልድይ አሠራ፤ ከዚያ አልፎ ያልታረሰውን መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማከፋፈል ጀመረ። በአገሩ የአስተዳደር ልማድ ገዥ ግብር ይሰበስባል፣ ፀጥታ ያስከብራል፣ ከባለርስቶች ጋር ተስማምቶ ይኖራል እንጂ መሬት አይነካም። ባለርስቶቹ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ገርማሜም ተጠርቶ ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ከዚያም ከወላይታ ተነሣ።

በዚህ የሕይወቱ ምዕራፍ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ዋና ጥያቄ የሚፈተነው በታኅሣሡ ግርግር ሳይሆን በሶዶ ነው። ገርማሜ በወላይታ ያደረገው ነገር ፍትሐዊ ነበር። ነገር ግን ገበሬው መሬቱን ያገኘው በሕግ አልነበረም፤ በገዥው መልካም ፈቃድ ነበር። ገዥው ሲነሣ ገበሬው በእጁ የቀረ የመከላከያ መሣሪያ አልነበረውም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ይህ መሬት በዚህ አዋጅ የእኔ ነው የሚልበት አዋጅ አልወጣም። ከአንድ ባለርስት ፈቃድ ሥር ወጥቶ በአንድ ቅን ገዥ ፈቃድ ሥር ገብቶ ነበር። ቅኑን ገዥ ደግሞ ከሹመቱ ያነሣው ሌላ ፈቃድ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ከገዥው፣ የገዥው ከባለርስቱ፣ የባለርስቱ ከጭሰኛው በላይ የተደረደረበት መሰላል በሶዶ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። ለገርማሜ ሊሰጥ የሚገባው ክብር ይህን መሰላል ከላይኛው እርከን ላይ ቆሞ ማየቱ ነው፤ በመሰላሉ ተጠቃሚ ከነበረ ቤት ተወልዶ፣ በመሰላሉ ቸርነት ተምሮ፣ ከታች ያለውን ሰው ማየት ቀላል አልነበረም። ሊጠየቅ የሚገባው ደግሞ መሰላሉን በመሰላሉ ራስ ላይ በመውጣት ማፍረስ ይቻላል ብሎ ማመኑ ነው።

ጅጅጋ

ቀጥሎ የተላከው ወደ ጅጅጋ ነው። ሹመቱ ከመሃል አገር ለማራቅ የታሰበ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር። ኦጋዴን ከብሪታንያ አስተዳደር ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር፤ ከወሰኑ ማዶም የሶማሊያ ነፃነት እየቀረበ ነበር። በዚህም ገርማሜ ለውሃ፣ ለሕክምናና ለትምህርት ሥራ ተነሣሣ፤ ከማእከል የሚጠብቀውን ድጋፍ ግን አላገኘም። አርብቶ አደሩ የኢትዮጵያ ዜጋ መባሉ የሚጨበጥ ትርጉም የሚኖረው መንግሥት እንደ ዜጋ ሲያስተናግደው ነው የሚለው አቋሙ በጅጅጋ የበለጠ ጸናበት። ለወራት ደጅ ጥንቶ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ የሚለምን ገዥ ምን ዓይነት ገዥ ነው? ራሱ ገዥው ደጅ ጠኚ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት በአፍሪካ የተከሰተው ለውጥም በሐሳቡ ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩ ከታኅሣሡ አዋጅ ይዘት ይታያል። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ወጣች፤ በ1960 ብቻ ከአሥር በላይ የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን ተቀዳጁ። በሦስት ሺህ ዓመት ታሪኳ የምትኮራው ኢትዮጵያ ትናንት ከቅኝ አገዛዝ በወጡ አገሮች እየተቀደመች ነው የሚለው እፍረት የተማረው ትውልድ የጋራ ስሜት ሆነ።

አራት ቀናት በታኅሣሥ

ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ምሽት የክብር ዘበኛ ጦር ዋና ዋና ቦታዎችን ያዘ። የእቴጌ መነን ሕመም ጠንቷል በሚል ጥሪ ሚኒስትሮችና መኳንንት ወደ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ተያዙ። በሙከራው ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታ ኃላፊው ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነበሩበት። ጦሩ የመንግሥቱ ነበር፤ ሐሳቡ ግን የገርማሜ መሆኑ በሰፊው ይታመናል። በማግስቱ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በሬዲዮ ባነበቡት አዋጅ በሕዝቡ ላይ የተጫነው ድንቁርናና ድኅነት እንዲያበቃ አዲስ መንግሥት መቋቋሙ ተገለጠ። አልጋ ወራሹ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ እንደሚያገለግሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም መሬታቸውን ለጭሰኞች በማከፋፈል የታወቁት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደሚሆኑ ተነገረ።

ደመወዝተኛ ንጉሥ የሚለው ሐሳብ ከአዋጁ ሁሉ ለፍልስፍናው የቀረበ ነው። ዙፋኑን አያፈርስም፤ ነገር ግን ንጉሡን ከሕዝብ ጉዳይ ባለቤትነት ወደ ሕዝብ ጉዳይ ሠራተኛነት ያወርዳል። ገርማሜ በጠባቡ ትርጉም ሪፐብሊካን አልነበረም የሚሉ ሰዎች ዙፋኑ መቅረቱን ይጠቅሳሉ፤ በሰፊው ትርጉም ግን ደመወዝ የሚከፈለው ንጉሥ ከብዙ ፕሬዚዳንቶች ይልቅ ሪፐብሊካዊ ነው። በአንጻሩ አዋጁ በአመዛኙ የተናገረው ስለ ዕድገት ነው፤ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ትምህርትና ስለ እርሻ። ነገ አዲሱ መንግሥት ቃሉን ባይጠብቅ ሕዝቡ በምን መንገድ ይጠይቀዋል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ጎልቶ አይታይም።

ተማሪዎች በማግስቱ ሐሙስ ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። የቀረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን በአመዛኙ ዝም ብሎ ተመለከተ። ይህን ዝምታ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚቆጥሩት አሉ፤ ንባቡ አያሳምነኝም። ሴራው በጥቂት ሰዎች መካከል ተጠንስሶ፣ ሌሊት ተፈጽሞ፣ በሬዲዮ የተነገረ ነው። ያልተጠየቀ ሕዝብ አለመመለሱ አያስገርምም። ሕዝቡ ሲያውቀው የኖረው የሥልጣን ለውጥም ሁልጊዜ እንዲሁ ከግቢ ውስጥ የሚመጣ ነበር።

ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ጄኔራል ከበደ ገብሬ የምድር ጦሩን ይዘው ከእነ ደጃዝማች አሥራተ ካሳ ጋር ተቃወሙ፤ አየር ኃይሉም ከእነርሱ ጋር ወገነ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ አድመኞቹን አወገዙ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ የተጀመረው ውጊያ አርብ ታኅሣሥ 7 ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረሰ። በዚያን ዕለት በአረንጓዴው ሳሎን ተይዘው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከሞቱት መካከል ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል አድርገው በማግስቱ ቅዳሜ አዲስ አበባ ገቡ።

የአረንጓዴው ሳሎን ግድያ በዚህ ጽሑፍ ዓይን ከሙከራው መክሸፍ የሚበልጥ ክስተት ነው። የተገደሉት ሰዎች አልተከሰሱም፤ አልተፈረደባቸውም፤ የሚከራከሩበት ችሎት አልነበረም። ከመካከላቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን በዱር በገደል የተዋጋ አርበኛ ነበረ፤ በጭሰኛ ላብ የከበረም ነበረ። ያ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ዋጋ አልነበረውም። በዚያች ሰዓት ሕይወታቸው የተንጠለጠለው መሣሪያ በያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ብቻ ነበር። ያልተገደበ ፈቃድን ለማጥፋት የተነሣ ሰው የሥልጣኑ የመጨረሻ ተግባር ከዚያ የከፋ ያልተገደበ ፈቃድ ሆነ። የግቢው ዕጣም ልብ ይሏል፤ ቤተ መንግሥቱ ከዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ስለ ነፃነት የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ከዚያ ሳሎን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማ ሸሹ። ታኅሣሥ 15 ቀን ተከበቡ፤ ገርማሜ እዚያው ሞተ። መንግሥቱ ቆስሎ ተያዘ። የገርማሜ አስከሬን አዲስ አበባ አምጥተው ለሕዝብ ማያ በአደባባይ ሰቀሉት። መንግሥቱ ለፍርድ ቀርቦ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ገርማሜ ሲሞት ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ገደማ ነበር።

ቺላሎ

ሙከራው በተደረገበት ዓመት ዋዜማ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታውጆ ነበር። ሕጉ ዘመናዊና በብዙ መልኩ የተደነቀ ነው። ስለ እርሻ መሬት ኪራይ በደነገገበት ክፍል ግን ባለመሬቱ ከጭሰኛው ምርት እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ውሉ በሁለት ነፃ ሰዎች መካከል እንደተደረገ ተቆጥሮ ነው። ሪፐብሊካዊው ፍልስፍና የሚጠራጠረው ይህንኑ አቆጣጠር ነው፤ አንዱ ወገን ቢቀር የሚቀርበት ትርፍ ሲሆን ሌላው የሚቀርበት የልጆቹ እንጀራ ከሆነ ፊርማቸው እኩል አይደለም።

በአርሲ ይህ ጥያቄ የታሪክ ክብደት ነበረው። አገሩ በራስ ዳርጌ በተመራው ተደጋጋሚ ዘመቻ በ1879 ዓ.ም. ከመገበሩ በፊት የአርሲ ኦሮሞ ይተዳደር የነበረው በገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሕግ በጉባኤ ይወጣል፤ ሹም በጉባኤ ይጠየቃል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለዓለም አስተዋውቋል። ሥርዓቱ ሴቶችን ከጉባኤው ሥልጣን ማራቁ እውነት ነው፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ይህን ጉድለት በከፊል ቢያካክስም። ቢሆንም ሥልጣን በጊዜና በጉባኤ ይገደብ የሚለው ሐሳብ ወደ ቺላሎ የመጣው ከሮማ አይደለም። በመሬት ድልድሉ የተተካው ግን ጉባኤ የማያውቀው የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት ነው።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የቺላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአካባቢው አጠራር ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የእርሻ ባለሙያ ለአነስተኛ ገበሬ ማቅረብ ዓላማው ነበር። ምርቱ አደገ። ችግሩ የመጣው ከስኬቱ ነው። ስንዴ አትራፊ መሆኑ ሲታይ፣ ትራክተርም ያለ ቀረጥ ሲገባ፣ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አሰናብተው በራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ያልተፈናቀለው ጭሰኛም ብድር ለመውሰድ የባለመሬቱን ፊርማ ይሻ ነበር። ባለመሬቱ ቢፈርምም ባይፈርምም ሕግ አልጣሰም፤ ሲያሰናብትም ሕግ አልጣሰም። ለትውልድ በአንድ ማሳ ላይ የኖረ ቤተሰብ ከብቱን እየነዳ ሲወጣ በጣልቃ ገብነት መለኪያ የተነካ ነፃነት አይገኝም። ከመፈናቀሉ በፊት በነበረው ዓመት፣ ባለመሬቱ ገና ደግ በነበረበት ጊዜ፣ ይኸው ቤተሰብ ነፃ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሪፐብሊካዊው መለኪያ ብቻ ነው።

የስዊድን ወገን የጭሰኝነት ሕግ እንዲወጣ ደጋግሞ አሳሰበ። ተማሪዎች ከየካቲት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት ላራሹ እያሉ ሰልፍ ይወጡ ነበር። በባለመሬቶች የተሞላው ፓርላማ ረቂቁን ሳያጸድቅ ዓመታት አለፉ። ገርማሜ በሶዶ በገዥነት ፈቃዱ ብቻ ያደረገውን፣ ሕግ አውጪው አካል በሕግ ማድረግ አልቻለም ወይም አልፈለገም። ይህ ለገርማሜ ትዕግሥት ማጣት ከቀረቡት ማስተባበያዎች ሁሉ ጠንካራው ይመስለኛል፤ የአረንጓዴውን ሳሎን ግድያ ግን አያስተባብልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። በቺላሎ እንደ ሌላው ደቡብ ሁሉ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ መሬት ተከፋፈለ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሌላ ነው። ገበሬው እህሉን በተተመነለት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስረክብ፣ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ቤቱን አፍርሶ በመንደር ምሥረታ በተሠመረለት ረድፍ እንዲሰፍር ተደረገ፤ አርሲ ይህ በስፋት ከተፈጸመባቸው ክፍላተ ሀገር ግንባር ቀደም ነበር። ባለርስቱ የለም፤ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ግን የት እንደሚያድርና ምን እንደሚዘራ የሚወስንለትን አካል መሻር አይችልም ነበር። መንግሥት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ ገበሬዎች በየቦታው ማኅበራቱን በትነው፣ የጋራውን በሬና ማሳ ተከፋፍለው፣ ብዙዎቹም የረድፍ ቤታቸውን ቆርቆሮና ማገር አውርደው ወደ ቀድሞ ጎጆ ቦታቸው ተመለሱ።